አፍልታ ያጠጣችው ውሃ

ይህ የሆነው አምና፣ የድሬዳዋ ሙቀት በበረታበት ወር ነው። ያልረሳሁት ስላሳዘነኝ ብቻ አይደለም፤ እጄ ስላለበት ነው።

ነጃት ከባሏ ጋር ግቢዬ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። ስታረግዝ ከጤና ጣቢያ "የምትጠጪው ውሃ ንጹሕ ይሁን" ብለዋት መጣች። ቧንቧችን በፈረቃ ስለሚመጣ የምንጠጣው አባቴ ያስቆፈረውን የጉድጓድ ውሃ ነው።

"ጋሼ፣ የታሸገ ውሃ ልግዛ እንዴ?" አለችኝ።

እኔ ደግሞ በታሸገ ውሃ ላይ የሚያላግጥ መጣጥፍ የጻፍኩ ሰው ነኝ። "ተይ አቦ! የሚያስፈራሩሽ የፕላስቲክ ነጋዴዎች ናቸው። አፍልተሽ ጠጪ። እኔ ስጠጣው ነው ያረጀሁት፤ ምን ሆንኩ?"

"ጸጉርህስ የት ሄደ?" ብላ ሳቀችብኝ። ድሬ ላይ ለታላቅም "አንተ" ነው።

ወንድ ልጅ ወለደች። ጡቷ አልበቃ ሲለው የዱቄት ወተት በዚያው ውሃ ትበጠብጥለት ጀመር። ምክሬን አክብራ፣ ውሃው በማንቆርቆሪያው ውስጥ ግማሽ እስኪሆን ታፈላዋለች።

ልጁ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ አንድ ጠዋት "ጋሼ፣ ናልኝ!" ብላ ጮኸች። ከንፈሩና ጥፍሮቹ ሰማያዊ ሆነዋል። ለማልቀስ እንኳ አቅም አልነበረውም። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስነው።

ሐኪሙ ወተቱ በምን ውሃ እንደሚበጠበጥ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

"ማፍላት ጀርም ይገድላል" አለኝ። "ከሽንት ቤት ወደ ጉድጓድ የሚሰርገውን ናይትሬት ግን አያጠፋም። እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር ይከማቻል። አዋቂ ይቋቋመዋል፤ የሕፃን ደም ግን ኦክስጅን እንዳያደርስ ያደርገዋል።"

ሽንት ቤታችን ከጉድጓዱ ዐሥር እርምጃ አይርቅም። ያን ሁሉ መጽሐፍ ሳነብ አንድም ቀን ልብ ብዬው አላውቅም።

ልጁ በማግስቱ ሞተ።

ጉድጓዱን አስደፈንኩት። ለቀስተኛው ሲበተን ሐኪሙ ያለኝን አንድም ሳልደብቅ ለነጃት ነገርኳት።

"አንተማ ለደግ ብለህ ነው" አለችኝ። "የአላህ ውሳኔ ነው።"

ሰው ጥፋቱን በፈጣሪ ያላክካል እያልኩ ስከራከር ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ። ያን ቀን ግን አልተከራከርኩም። ንግግሯ ቀለል አደረገኝና ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ የማፍረው በዚያ ዝምታዬ ነው።