የእትብት ደም ወረቀት

ፊደል የቆጠርሁት በአርባ አንድ ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት በጣቴ ነበር የምፈርመው። ይህን የምናገረው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ ሰው ሲያዝንልኝ ደሜ ይፈላል። የሚከተለው ነገር ያለዚህ ስለማይገባ ነው።

ሰባታሚት በምትባለው የገጠር ቀበሌ አባቴ አርሶት እኔም ያረስሁት መሬት ነበረን። ከተማው እየሰፋ ሲመጣ ሰዎች ወረቀት ይዘው መጡ። አንደኛው አነበበልኝ። ጓሮው ከነባሕር ዛፉ ለአንተ ይቀራል አለኝ፤ እኔም አተምሁ። ሚስቴ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራለች፤ ያን ቀን ገበያ ሄዳ ነበር። እስክትመለስ ቆዩ ብል ይቆዩ ነበር። ግን ሚስቴ ታንብብልኝ ማለት ከበደኝ። ተመልሳ ስታነበው ጓሮ የሚል ቃል ወረቀቱ ላይ የለም። የኔ እትብት ከዚያ ጓሮ ነው የተቀበረው። አሁን በላዩ የሰው ፎቅ ቆሟል። በዚያ ሳልፍ በረንዳው ላይ ልብስ ተሰጥቶ አያለሁ።

ከተማ ገብተን ቤት ተከራየን፤ እኔ ሐይቁ ዳር የሚቆሙ ጀልባዎችን ለመጠበቅ ተቀጠርሁ። ፊደሉን ያስቆጠረችኝ ሚስቴ ነች። ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት ደጃፍ ላይ እንቀመጣለን። ስሳሳት አትስቅም። አንድ ቀን እንኳ ስቃ ቢሆን ኖሮ ደብተሩን ሐይቅ እከተው ነበር። መጀመሪያ የጀልባዎቹን ስም፣ ከዚያ የሱቅ ሰሌዳ፣ ከዚያ የመድኃኒት ማሸጊያ አነበብሁ። ዘገምተኛ ነበርሁ፤ ዛሬም ነኝ። ያኔ ግን አንድ ነገር ማልሁ፦ ሙሉውን ራሴ ሳላነብ ከእንግዲህ ወረቀት ላይ እጄን አላሳርፍም፤ ማንም አያነብልኝም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ከመሬቱም በፊት የሆነ። የመጀመሪያ ልጃችን ሞቶ ነው የተወለደ። እናቱን ደም ፈሰሳት። ዘመድ ደም ይስጥ ተባለ። ወንድሟ ከአንበሳሜ ተነሥቶ ገና መንገድ ላይ ነው፤ ያለሁት እኔ ብቻ ነበርሁ። ቁርስ አልበላሁም፣ እወድቃለሁ አልኋቸው። ቁርስ በልቼ ነበር። መርፌውን ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ከደም ባንክ ሁለት ከረጢት አምጥተው ሰጧት። ማን እንደሰጠው አይታወቅም። ተረፈች። እሷም ከዚያ ወዲህ «የማላውቀው ሰው ነው ያቆመኝ» ማለት ታዘወትራለች። ይህን ባለች ቁጥር እኔ ወይ ጫማዬን እፈልጋለሁ፣ ወይ ውሃ ልቅዳ ብዬ እነሣለሁ። የቁርሱን ነገር እስካሁን አልነገርኋትም።

ከብዙ ዓመት በኋላ እግዜር ሰጠንና ፀነሰች። ምጧ የጀመራት ጠዋት ነው። በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድኋት፤ እሷ ገባች፣ እኔ ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀረሁ። አጠገቤ አንድ ከወረታ የመጣ ጨርቅ ነጋዴ ተቀምጧል፤ የሱም ሚስት ውስጥ ነች። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ወጣት ነርስ ወረቀት ይዛ ወጣች።

«አባቴ፣ ባለቤትዎ ናቸው የላኩኝ። ‹እሱ ያንብበውና ይፈርምበት› ብለዋል።»

«ምንድን ነው?»

«የእትብት ደም ነው። ልጅ ተወልዶ እትብቱ ከተቆረጠ በኋላ እዚያው እትብቱና የእንግዴ ልጁ ውስጥ የሚቀር ደም አለ። እኛ ዘንድ ይጣላል። ውጭ አገር ግን የደም ሕመም ላለበት ሰው ይሆናል፤ የሚያስቀምጥ ባንክ አላቸው። እዚህ ገና የለም። ወስደን ማቆየት እንችል እንደሆነ እያጠናን ነው።»

«ለራሱ ለልጁስ አታስቀምጡለትም? ቢታመምብኝ?»

«አንችልም አባቴ፤ አስቀምጥልዎታለሁ ብዬ አልዋሽዎትም። ለጥናቱ በስጦታ ነው የምንቀበለው።»

«ከልጁ ይቀንሳል?»

«ምንም። እናቲቱንም አያማትም። ብቻ ልጁ እንደተወለደ ወዲያው መሆን አለበት፤ ደሙ ከረጋ አይሆንም። ላንብብልዎት?»

«ዓይን አለኝ» አልኋት።

ሁለት ገጽ ነው። ጣቴን ከመጀመሪያው ቃል ላይ አኑሬ ጀመርሁ። የጻፈው ሰው እንደኔ ያለውን አላሰበም፤ ቃሉ ሁሉ ረጅም ነው። ‹በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ› የሚለውን ሦስት ጊዜ ተመላለስሁበት። መካከሉ ላይ ስደርስ መጀመሪያው ይጠፋኛል።

ነጋዴው አንገቱን ሰገግ አድርጎ አየኝ። «ጋሼ፣ እኔኮ ፈርሜ ሻይ ጠጥቼ ተመለስሁ።»

«መፈረም ብቻ ከሆነ ጣትም ይፈርማል።»

«ኧረ እርስዎ! ዳዊት ነው እንዴ የሚደግሙት?»

«ዳዊት ሰው አያፈናቅልም» አልሁት። ሳቁን ዋጠ።

ነርሷ ሁለተኛ ወጣች። «አባቴ፣ ምጡ ፈጥኗል። የከበደዎት ካለ ይጠይቁኝ።»

«አታጣድፊኝ። ያኔም ተጣድፌ ነው የተታለልሁት።»

የመሬቱን ቀን ማለቴ እንደሆነ ምን ታውቃለች? ትክ ብላ አይታኝ ተመለሰች። እውነቱን ልናገር፤ የሚያስፈራ ነገር ወረቀቱ ላይ አላገኘሁም። የማልስማማበት ነገርም አልነበረም። ሚስቴ ለምን እንደፈለገችው ደግሞ ከማንም በላይ እኔ አውቃለሁ። ግን ያልተነበበ ገና አለ። ክፉው ነገር ሁልጊዜ ከታች ነው የሚጻፈው ብዬ አምን ነበር።

ሦስተኛ ስትወጣ እርምጃዋ ዝግ ብሏል። «እንኳን ማርያም ማረችልዎት፤ ሴት ልጅ ናት። ሁለቱም ደኅና ናቸው።»

«ማርያም ታኑርሽ። ከወረቀቱ ጥቂት ነው የቀረኝ።»

«ይያዙት አባቴ» አለችኝ። «ደሙ ረግቷል። ተጥሏል።»

ሁለተኛው ገጽ አናት ላይ ነበርሁ። ነጋዴው አቅፎ ሳመኝ፤ ጀርባዬን መታ መታ እያደረገ «በሉ እንግዲህ፣ አሁን ተረጋግተው ይጨርሱት» አለኝ። በክፋት አይደለም። ያን ጊዜ የተሰማኝን ስጽፈው ያሳፍረኛል፤ ደስታ ነበር፤ የልጄም ደስታ ብቻ አይደለም። ማንም አላታለለኝም ብዬ ነው። ወረቀቱን አራት አጥፌ ኮቴ ኪስ ከተትሁት።

ገብቼ ልጄን አየሁ። ሚስቴ ከንፈሯ ደርቋል።

«ፈረምህ?»

«አላለቀልኝም።»

«እሺ» አለችና ፊቷን ወደ ልጅቱ መለሰች።

ጠብ የለም፣ ወቀሳ የለም። ብትጮህብኝ እኔም እጮህ ነበር፤ እሱን እችልበታለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሚስቴ ምንም ነገር ጠይቃኝ አታውቅም። ቀድሞ ለሽንኩርቱም ለቤት ኪራዩም «ምን ይመስልሃል?» ትለኝ ነበር። አሁን ሁሉን ነገር አድርጋ ከጨረሰች በኋላ ነው የምትነግረኝ። የልጅቱን የክርስትና ስም እሷ መረጠች። ክትባቱን እሷ ተመላለሰች። ዘንድሮ ልጅቱን ሕፃናት ትምህርት ቤት ስታስገባ፣ ቅጹ ላይ ወላጅ በሚለው ቦታ የራሷን ስም ጽፋ፣ ፈርማ፣ ማኅተም አስመትታ መጣች። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አየሁት። አንድ ገጽ ብቻ ነበር። ያንንስ አነበው ነበር። እራት ይቀርብልኛል፣ ልብሴ ይታጠባል። ደባል ብሆንም ይኸው ነው።

ስለዚህ ሐይቁ ዳር ማምሸት ለመድሁ። ሐይቁን የሚጎበኝ እንግዳ የለም፤ ጀልባዎቹ ታስረው ይውላሉ፣ ሸራቸው ላይ ወፍ ኩሱን ይጥልባቸዋል። ባለቤታቸው ሳያሰናብተኝ የቆየው፣ የሚሰረቅ ነገር ከሌለ እኔም እበቃለሁ ብሎ ይመስለኛል። በዚህ ክረምት አንድ ቀን ከሰዓት ዝናብ ይዞኝ ከጥበቃ ቤቷ ተቀመጥሁ። ሲበርደኝ ያን አሮጌ ኮቴን ከተሰቀለበት አወረድሁት። ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ እጥፋቱ ላይ ሊቆረጥ ደርሷል። ሌላ የማነበው አልነበረኝምና ካቆምሁበት ቀጠልሁ።

ከታች እፈራው የነበረውን ክፉ ነገር ፈለግሁ። የለም። ከታች የተጻፈው ይህ ነው፦ «ለዚህ የእናትየዋ ፈቃድ ብቻ በቂ ነው። የባል ወይም የሌላ ቤተሰብ ፊርማ አያስፈልግም።» ደግሜ አነበብሁት። ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ከኋላ ወደ ፊትም ሞከርሁት። ከሥሩ የናት ስም የሚጻፍበት ባዶ መስመር አለ። ከዚያ ዝቅ ብሎ ምስክር የሚል ሌላ ባዶ መስመር አለ።

ዝናቡ ሳያባራ ቤት ሄድሁ። ልጅቱ ተኝታለች። ሚስቴ ምስር ትለቅማለች። ወረቀቱን ፊቷ ዘረጋሁት።

«የኔ ፊርማ አያስፈልግም ነበርኮ።»

ቀና ሳትል «አውቃለሁ» አለች። «ከመላኬ በፊት አንብቤዋለሁ።»

«ታዲያ ፈርመሽ አትሰጫቸውም ነበር? ሰጪዋ አንቺ ነሽ!»

«ነርሷም እንደሱ ብላኛለች። እሱ ሳይፈርም አልፈርምም አልኋት።»

«ለምን?»

ከምስሩ አንድ ጠጠር አወጣች። ጠጠሩን ሳሕኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው።

«መሬቱን በጣትህ ለቀቅህ» አለችኝ። «በእጅህ የፈረምህበት አንድ ደግ ነገር ይኑርህ ብዬ ነው።»

የቁርሱን ነገር ያኔ ልነግራት አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ልጅቱ ነቅታ አለቀሰችና ሚስቴ ተነሣች። ምስሩን እኔ ለቀምሁት፤ ተመልሳ አየችውና እንደገና ለቀመችው።

ወረቀቱ አሁንም እኔ ዘንድ ነው። ስሜን ከታች ልጽፍበት አንድ ሁለት ጊዜ እስክሪብቶ አንሥቼ ነበር። ማን ሊቀበለኝ? ደሙ ያን ቀን ተጥሏል።

ደም ባንኩ ከጥበቃ ቤቴ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። በሩ ላይ የተለጠፈውን ሁሉ አንብቤዋለሁ፤ አጭር ነው፣ የከበደኝ ቃልም የለበትም። ትናንትም ቁርሴን በልቼ እደጃፉ ድረስ ሄጄ ነበር። አልገባሁም።