ኦቦ ሆርዶፋ ያልቆሙበት ቀን

ወርቅቱን አምቦ ውስጥ "ሲስተር" የማይላት የለም። ሲስተር ግን አልነበረችም፤ የጤና ጣቢያው ጤና ረዳት ናት። "አይደለሁም" ብትል ማን ሊሰማት! እኔ በአጥር የምጎራበታት ሰው ነኝ። ስለ እሷ መጻፍ ካማረኝ ቆይቷል፤ ዛሬ ደፈርኩ።

ነገሩ የሆነው በ1978 ዓ.ም. ነው። ወርቅቱ አዲስ አበባ ተልካ፣ ደም ብዛት የጣላቸውንና ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ያላቸውን ሰዎች እንዴት መልሶ ማንቀሳቀስ እንደሚቻል ተምራ መጥታለች። ጤና ጣቢያው እንዲህ ላለው በሽተኛ አልጋ ስለሌለው እሷው ትሄድላቸዋለች፤ አንድ ቀን ጊንጪ፣ አንድ ቀን ጉደር። መኪናና ነዳጅ የተፈቀደላት "ለሙከራ" ተብሎ ነው። ሥራው ወደሚቀጥለው ዓመት እቅድ ይግባ አይግባ የሚወስኑት ከላይ የሚመጡ ሰዎች ናቸው። እነሱ ደግሞ ሐሙስ ሊመጡ ነው።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ጠራትና፣ "ወርቅቱ፣ የቆመ ሰው አሳዪያቸው። የቆመ ሰው ከሌለ ነዳጁም የለም" አላት።

የቆመ ሰውማ አላት! ጉደር ላይ ኦቦ ሆርዶፋ አሉ። አፋቸው ተጣሞ፣ ቀኝ እጅና እግራቸው በድን ሆኖ መደብ ላይ ቀርተው የነበሩ ገበሬ ናቸው። ወርቅቱ ጓሯቸው ውስጥ ሁለት የባሕር ዛፍ አጠና በወገብ ቁመት ጎን ለጎን አሳሰረች። እሳቸው በመካከል ገብተው ግራና ቀኝ እየያዙ መራመድ ተለማመዱ። ከመያዝ ብዛት አጠናው ቅቤ የተቀባ መሰለ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ምንም ሳይይዙ እስከ እንጨት ክምሩ ደርሰው ተመልሰዋል። የቀሩት በሽተኞቿ ገና ናቸው። ጊንጪ ያለችው መምህርት እንኳ ምላሷ ተፈቶ የልጇን ስም መጥራት የጀመረችው ሰሞኑን ነው።

ረቡዕ ልትነግራቸው ሄደች።

"አካም ቡልታን፣ ኦቦ ሆርዶፋ! ነገ እንግዶች አሉብን። እንደ ባለፈው ይራመዱልኛል።"

ሚስታቸው ድንቅቱ የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠች።

"ኢንተለ ኮ" አሉ ሽማግሌው፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ "እንግዶቹ ብቻቸውን ነው የሚመጡት?"

"ከገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጋር ነዋ! ያለ እሱ ማን ግቢ ይገባል?"

"እንግዲያው አልቆምም።"

ቀልድ መስሏት ሳቀች። ያስረዳቻት ድንቅቱ ናት። ሊቀመንበሩ ለብሔራዊ ውትድርና ሲመለምል ልጃቸው ተሬፋ የታለፈው፣ "አባቱን የሚያነሳ የሚያስተኛ እሱ ነው" ተብሎ ነው። አባት ከቆመ ልጅ ይሄዳል።

"አንቺ ብትሆኚ ትቆሚያለሽ?" አሉ ኦቦ ሆርዶፋ።

"ነዳጁ ከተከለከለስ? የሌሎቹ በሽተኞች ነገርስ?"

"እሱን አላውቅም። እኔ ሽባ ነኝ።"

ያን ቀን እህል በአፏ አልዞረም። አንዴ መምህርቷ ትታያታለች፣ አንዴ ተሬፋ አባቱን በብብታቸው ይዞ ሲያቆም ይታያታል። ለእንግዶቹ ለብቻቸው ሹክ ልበላቸው ትልና ደግሞ ትፈራለች፤ የነገሩት ሰው ለማን እንደሚናገር ማን ያውቃል?

ሐሙስ መጡ። የእንግዶቹ አለቃ ጓድ ተድላ ከፊት፣ ሊቀመንበሩ ዲንሳ ከኋላ። ኦቦ ሆርዶፋ መደቡ ላይ ተዘርግተዋል። እንዲያውም አበዙት፤ አፋቸውን ሳይቀር አጣመሙ! ወርቅቱ "አፍዎን እንኳ ይተዉት፣ እሱ ከዳነ ቆየ" ልትል ምንም አልቀራት።

ዲንሳ ወደ ጓሮ ዞር አለና አጠናውን በመዳፉ ዳሰሰው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

ድንቅቱ ከኋላው ደረሰች።

"ልብስ ማስጫ!" አለች ድንቅቱ፣ እርጥብ ጋቢ እየወረወረችበት።

"ለምን ሁለት ሆነ?"

"ጋቢው ይከብዳላ!"

ቤት ውስጥ ጓድ ተድላ ጠየቁ። "ታዲያ ስንት ሰው አቆምሽ?"

"እዚህ ቤት... ያቆምኩት የለም።"

"ታዲያ ነዳጁን ምን በላው?"

ወርቅቱ በቆርቆሮ ኩባያ ውኃ ቀዳችና በሽማግሌው ቀኝ እጅ አስያዘቻቸው። ግማሹ ጺማቸው ላይ ፈሰሰ፤ ግማሹን ጠጡት። ቀጥላ አገላብጣ ጀርባቸውን ገለጠች። ቁስል የለም።

"እንዲህ የተኛ ሰው የሚሞተው ጀርባው ቆስሎ ነው። እሳቸው ግን ይኸው ደህና ናቸው። በእጃቸው ይጎርሳሉ። ባለቤታቸው ገበያ ወጥታ መመለስ ችላለች።"

ከጓሮ የተመለሰው ዲንሳ ቀና አለ። "እሷ ገበያ ስትሄድ ማን ይጠብቃቸዋል?"

የሽማግሌው አፍ መጣመሙን ረስቶ ቀጥ ብሏል!

"ተሬፋ ነዋ!" ጮኸች ድንቅቱ። "ሌላ ማን አለኝ? አንተ ትመጣልኛለህ፣ ዲንሳ? ና አንድ ቀን አገላብጣቸው፤ አንድ ቀን ሽንታቸውን ድፋ!"

ጓድ ተድላ ሳቃቸው አመለጣቸው። ዲንሳም ባርኔጣውን አስተካክሎ ወደ ውጭ ወጣ።

"የቆመ የለም፤ የሞተም የለም" አሉ ጓድ ተድላ ሲሰናበቱ። "ለአንድ ዓመት ይታይ።"

ረዳቶች ይሰልጥኑልኝ ብላ የጠየቀችው ቀረ፤ ነዳጁ ቆየ። በዓመቱ ሌላ ሰው መጣ፣ "ለአንድ ዓመት ይታይ" አለ። በዓመቱም እንደዚያው። ሥራው እንዲህ በየዓመቱ እየታየ ኖረ፤ ኦቦ ሆርዶፋም እንግዳ በመጣ ቁጥር አፋቸውን እያጣመሙ!

በ1983 ግንቦት መንግሥት ተለወጠ፤ ምልመላም ቀረ። ክረምቱ ሲገባ አንድ ጠዋት የጤና ጣቢያው ዘበኛ እየሮጠ መጥቶ ጠራት። ኦቦ ሆርዶፋ ከአውቶቡስ ወርደው በእግራቸው በሩን ይገባሉ። ተሬፋ ከኋላ ከኋላ ምርኩዛቸውን በብብቱ ይዞ ይከተላል።

ወርቅቱ መጀመሪያ ያየችው እግራቸውን ነው።

"ቀኝ እግርዎን እየጎተቱ ነው፣ ኦቦ! ማን ነው እንዲህ ያስለመደዎት?"

"ምን ላድርግ፣ ኢንተለ ኮ፤ ተኝቼ እኮ ነው የተማርኩት!"

"አይሆንም። ይመለሱና ከበሩ ይጀምሩ" አለቻቸው፣ ዓይኗን በጋውኗ እጅጌ እየጠረገች።

ተመለሱ፤ ከበሩ ጀመሩ።