ከድጃ በማን ደጅ ትውጣ?

ጭድ የገባበት ጭቃ ሲቦካ የሚሸተውን የማያውቅ ሰው ያሳዝነኛል። በቅርቡ እዚህ አዳማ መንገድ ሳቋርጥ ግድግዳ የሚመርጉ ሰዎች አጠገብ ደረስኩና፣ ያ ኮምጠጥ ያለ፣ ሞቅ ያለ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው እግሬ ቀጥ ብሎ ቆመ። አብራኝ የነበረችው ልጄ ሰሚራ አፍንጫዋን ይዛ «ኧረ እማ እንሂድ፣ ይገማል!» ብላ ስትጎትተኝ፣ «ዝም በይ አንቺ! ያደግኩበትን ቤት ነው የምትሰድቢው» አልኳትና እዚያው ቆሜ ጠግቤ አሸተትኩ።

ያደግኩት አሰላ ነው። አሰላ ስላችሁ ታዲያ አውቶቡስ የሚቆምበት፣ ሱቅ የተደረደረበት፣ ማታ ማታ መብራት የሚበራበት አሰላ እንዳይመስላችሁ፤ ቁልቁል ወርዳችሁ፣ የእንጨቷን ድልድይ ተሻግራችሁ፣ ከተማው አለቀ ስትሉ የሚጀምረው ሰፈር ነው የእኛ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፤ የእኛን ሰፈር ስም ያወጣው ግን የመሐል ከተማ ሰው ነውና «ጭቃ ማዶ» ይባል ነበር። እንደ ወሬው ከሆነ እዚያ ማዶ ሰው ከከብት ጋር ያድራል፣ ጅብ በቀን በር ያንኳኳል፣ ዶሮ የሰረቀ ሌባ ድልድዩን ከተሻገረ አይያዝም። ወላሂ፣ በር የሚያንኳኳ ጅብ እኔ አንድም ቀን አላየሁም። እናቴን ግን ወሬው እንደ እሾህ ይወጋት ነበርና፣ ገበያ ላይ «ሰፈርሽ የት ነው?» ያላትን ሁሉ «ድልድዩ አጠገብ» እያለች ትመልስ ነበር፤ ከድልድዩ በየትኛው በኩል እንደሆነ ግን አትናገርም።

እውነቱን ለመናገር በክረምት ስማችን አይበዛብንም ነበር። ጭቃው እግር ይውጥ ስለነበር ጫማችንን በእጃችን አንጠልጥለን እስከ ወንዙ እንሄድና፣ እግራችንን ታጥበን፣ ጫማችንን አጥልቀን፣ እንደ ማንኛውም የከተማ ልጅ ደረታችንን ነፍተን ወደ ትምህርት ቤት እንወጣ ነበር። አባቴ ባለጋሪ ነበር። ወደ እኛ በኩል የሚመጣ ተሳፋሪ ድልድዩ ጋ ሲደርስ፣ ጋሪው መሻገር እየቻለ፣ «እዚህ ይበቃኛል» ብሎ ይወርዳል፤ አባቴም ሳይከፋው ፈረሱን እያዞረ «ጋሪዬስ አይሰምጥም፣ እሱ የፈራው ስሙ እንዳይሰምጥ ነው» እያለ ይስቅ ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ደግሞ አሮጌ የከብት ቆዳ ላይ ተደርድረን ተቀምጠን፣ ከአቀበቱ አናት እስከ ወንዙ ዳር በጭቃው ላይ ቁልቁል እንንሸራተት ነበር። አቤት ያ ደስታ! የመሐል ከተማ ልጆች ከእናቶቻቸው ተደብቀው ይመጡና ከእኛ ጋር ሲንሸራተቱ ውለው፣ ማታ ቤታቸው ሲገቡ ጭቃው ከእግር እስከ ራሳቸው ይመሰክርባቸዋል። ተገርፈውም በማግሥቱ ይመጡ ነበር።

መስከረም ጠብቶ የጭላሎ ተራራ ከደመናው ራሱን ሲያወጣ፣ ዝናብ ያጠበውን ግድግዳ መመረግ ይጀመራል። ጭቃው ለቀናት ይቦካና፣ እኛ ልጆች እየጨፈርን በእግራችን እንረግጠዋለን፣ ሴቶቹ በመዳፋቸው ግድግዳው ላይ እያለሰለሱ ይለጥፉታል፤ ዛሬ የእኛ ቤት ከሆነ ነገ የጎረቤት ነው። በስተቀኝ አዴ ሎሚ ነበሩ፤ አማርኛውን ከኦሮምኛ እያደባለቁ የሚናገሩ፣ ሲጣሩ ድምፃቸው ወንዝ የሚሻገር ሴት። በስተግራ ከሸዋ የመጡት ወይዘሮ አስካለ ነበሩ፤ ዝምተኛ ናቸው፣ ግን አንዲት ቃል ከተናገሩ ሰው በሳቅ ይሞታል። እነዚህ ሁለቱ ለእኔ እናት ነበሩ፤ ሲርበኝ ለየትኛው በር እንደምቀርብ እመርጥ ነበር እንጂ በር ተዘግቶብኝ አያውቅም።

ጥቅምትና ኅዳር ላይ ንፋሱ ከበቆጂ በኩል እየቀዘቀዘ ሲመጣ ገብሱ ይደርሳል፣ ላሙም ይታለባል። ያኔ የመሐል ከተማ ሰው ሁሉ ድልድዩን ያውቀዋል፤ ወተቱም፣ ቅቤውም፣ እንቁላሉም ከእኛ ነበርና ዘንቢል አንጠልጥሎ ይመጣል። የሚንቁን በአፋቸው ነው እንጂ ሆዳቸውስ ሁልጊዜ ከእኛ ጋር ነበር።

አሁን ወደ ከድጃ ሠርግ ልምጣ። ከድጃ ታላቅ እህቴ ናት። መሐል ከተማ ልብስ ሰፊ ቤት ስትሠራ የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ጀማል አያትና፣ እንቅልፍ አጥቶ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን አራግፈው ገቡ፣ ተማከሩ፣ ተስማሙ፤ ሠርጉም ለጥር ሆነ። ትንሽ ቆይቶ የጀማል እናት ወይዘሮ መይሙና መልእክት ሰደዱ። «ልጅቷን ወድጃታለሁ፤ እንግዶቼን ግን ጭቃ ማዶ አላወርድም። ሙሽራዋ ከመሐል ከተማ ቤት ትውጣልን» ነው የሚለው።

እናቴ በዚህ አልተቆጣችም፤ ይልቁንም እፎይ ያለች መሰለች። ዋናው መንገድ ዳር ሲሚንቶ ወለል ያለው ቤት የነበራት ሶፊያ የምትባል የአክስቷ ልጅ ነበረቻትና፣ ሠርጉ እዚያ እንዲሆን ወዲያው ተስማማች። አባቴ ያን ምሽት ፈረሱን ሲያበጥር ቆየ። ከድጃ ግን ራሷን ተከናንባ ታለቅስ ጀመር። በአርሲ እናት ሴት ልጇን ስትድር ሲንቄ የምትባል ቀጭን፣ ቀጥ ያለች በትር ትሰጣታለች፤ ሲንቄ የያዘች ሴት ክብሯን ይዛለችና ባልም ጎረቤትም አይደፍራትም። ልጅ ታዲያ ሲንቄዋን የምትቀበለው ከተወለደችበት ቤት ደጃፍ ላይ ቆማ ነው። «ሲንቄዬን በሰው ደጅ አልቀበልም» አለች ከድጃ፤ «በተውሶ ደጅ ወጥቼ በተውሶ ልከበር?» እናቴም «አንቺ ልጅ፣ ትዳርሽን ልታፈርሺው ነው?» እያለች ትለምናት ነበር። እኔ መሐላቸው ተቀምጬ አንዴ ለዚህች አንዴ ለዚያች አለቅስ ነበር። ከድጃ በመጨረሻ ክርክሩን ተወች፤ ልቧ ግን እሺ አላለም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ካልነገርኳችሁ የሚመጣው አይገባችሁም። እስላሙ ክርስቲያኑ ያረደውን አይበላም፣ ክርስቲያኑም እንዲሁ፤ ፍቅሩ ግን በዚህ አይጎድልም። በእኛ ሰፈር ሠርግ ሲሆን ሁለት ዓይነት ይታረዳል፣ ሁለት ቦታ ይሠራል፤ የእስላሙ ወጥ በአዴ ሎሚ አዛዥነት በእኛ ግቢ፣ የክርስቲያኑ በወይዘሮ አስካለ ግቢ ይበስላል። ሰው በአጥሩ ቀዳዳ እንደልቡ ይመላለሳል፣ ጭልፋ ግን አጥር አይሻገርም። ሶፊያ ቤት ያለው አንድ ወጥ ቤት ብቻ ነበር። ስለዚህ ሁለቱ ሴቶች ተመካከሩና፣ የቀኙ ግድግዳ የእስላም፣ የግራው የክርስቲያን ይሁን ብለው፣ የሠርጉ ለት ከንጋት ጀምረው እዚያው ጀርባ ለጀርባ ሲያበስሉ አረፈዱ።

ሶፊያ ደግሞ የሰፈራችንን ጥላሸት የጠጣ የሸክላ ድስት ቤቴ አላስገባም ብላ፣ ከሆቴል አንድ ዓይነት የሚያብረቀርቅ ድስት ተከራይታ ነበር። ወጡ በስሎ ሲያበቃ ሼኹ መጡ፣ እልልታው ቀለጠ፤ አዴ ሎሚና ወይዘሮ አስካለም ሙሽራዋን ለማየት ወጣ አሉ። በዚህ መሐል ሶፊያ ወጥ ቤት ትገባለች። ድስቱ እዚህም እዚያም ተቀምጧል። ወይዘሮ መይሙና ብቅ ብለው ቢያዩስ? ልጅት ወገቧን አሠረች፤ ድስቱን ሁሉ በጨርቅ ወለወለች፣ ከዚያም ትልልቁን ከኋላ፣ ትንንሹን ከፊት አድርጋ በመጠን በመጠኑ ደረደረችው!

ወይዘሮ አስካለ ሲመለሱ በሩ ላይ ደርቀው ቀሩ። «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ የእኔ የቱ ነው?» አሉ። አዴ ሎሚ ተንደርድረው ገቡና አንዱን ከፈቱ፤ ቀይ ወጥ። ሌላውን ከፈቱ፤ ቀይ ወጥ። ቢስሚላህ የተባለበት በግና በስመ አብ የተባለበት በግ ድስት ከገባ በኋላ በምን ይለያል? ሶፊያ ጨርቁን እንደያዘች «ምን አጠፋሁ? አሳመርኩት እንጂ!» ትላለች።

ግቢው በእንግዳ ሞልቷል፣ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ተቀምጧል፣ ወይዘሮ መይሙናም ከፊት ወንበር ላይ ሆነው ወደ ጓዳ ማየት ጀምረዋል። የሚበላ አንድ ጉርሻ የለም። እናቴ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ዘጭ ብላ «አለቀልኝ፣ ዛሬ ስማችን ጠፋ!» አለች። አዴ ሎሚ ነጠላቸውን አጥብቀው አሠሩ። «ስማችንማ ድሮም ጭቃ ነው፤ ከዚህ ወዴት ይወርዳል?» ብለው ወደ ግቢው ወጡና፣ በዚያ ወንዝ በሚሻገር ድምፃቸው «ኮቱ! ኮቱ! ኑ፣ ምሳው ማዶ ነው!» ብለው ተጣሩ።

እውነትም ማዶ ነበር። በጥር በእኛ ሰፈር ጭኮ የሌለበት ቤት የለም፤ የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ በነጠረ ቅቤ የታሸ ጭኮ እስላም ክርስቲያን አይልም፣ እርጎም አይልም፣ አይብና ማርም አይልም። ሴቶቹ እየሮጡ ቀደሙ፣ እንግዳው ሁሉ እየሳቀ እየጨፈረ ቁልቁል ወረደ፣ ከድጃም ቀሚሷን ሰብስባ ከፊት ከፊት ትሄድ ነበር፤ ልትዳር ሳይሆን ከእስር የተፈታች ነው የምትመስለው። አባቴ ወይዘሮ መይሙናን ጋሪው ላይ አወጣቸው። እኔም ከኋላ ተንጠልጥዬ ነበርና ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ፈረሱን ገታ አደረገና፣ በትሕትና ዞር ብሎ «እዚህ ይበቃዎታል?» አላቸው።

ሴትዮዋ አባቴን አዩት፣ ድልድዩን አዩት፣ ከማዶ የሚመጣውን የቅቤ ሽታ ሳቡት። «ርቦኛል፤ ንዳው!» አሉ።

የዚያን ቀን የሆነውን ደስታ በምን ቃል ልንገራችሁ? በየደጁ ቆዳና ሰሌን ተነጠፈ፣ በየቤቱ ያለው ቅልና ገበታ ወጣ፣ ሙሽራው እንኳ ሱፉን አውልቆ እርጎ ሲያድል ዋለ። ወይዘሮ መይሙና ሁለተኛ የጭኮ ሳህናቸውን ይዘው፣ ደረቁን መሬትና የለሰለሰውን ግድግዳ ግራ ቀኝ ሲያዩ ቆዩና «ጭቃው የታለ?» ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ አስካለ «በክረምት ይምጡ፣ አስቀምጠንልዎታል» ሲሏቸው፣ መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ከድጃ በገዛ ቤታችን ደጃፍ ላይ ቆመች። እናቴ ሲንቄውን አውጥታ ልትሰጣት ስትል እንባዋ ወረደ፤ ከድጃ ግን ያን ሁሉ ቀን ያለቀሰችው ልጅ ጥርሷ አልከደን አላት። በትሯን ተቀብላ ቀና ብላ ወጣች። እኔ እንደዚያ ያማረች ሴት ከዚያም በፊት ከዚያም ወዲህ አላየሁም። ሶፊያ ቤት የቀረው ወጥ ለውሾች ተደፋ፣ ሽታውም ጅቦቹን እስከ ዋናው መንገድ ጠራቸው አሉ፤ እናቴም ከዚያ በኋላ ገበያ ላይ «ሰፈርሽ የት ነው?» ሲሏት «ጭቃ ማዶ! ምነው?» ማለት ጀመረች።

ብዙም ሳይቆይ ንጉሡ ወረዱ፣ ዘመኑ ተገለበጠ፣ እኛም ተበተንን። ድልድዩ ዛሬ ሲሚንቶ ነው፤ የእኛ ሰፈር አስፋልት ገብቶበት፣ የመሬቱ ዋጋ እጅ የሚያቃጥል ሆኖ፣ አዲስ ስም ወጥቶለታል። እኔ ደግሞ አዳማ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። ኮንዶሚኒየም ሰው የማይተዋወቅበት፣ ሬሳ እንኳ ቢወጣ ጎረቤት በር የማይከፍትበት ቦታ ነው ይባላል፤ እኔም ለዓመታት እንደዚያው ስል ኖሬያለሁ።

ባለፈው ጥር ሰሚራን ስድር አዳራሽ ልናይ ሄድን። መብራቱ፣ መስተዋቱ፣ ምንጣፉ ልዩ ነው። ኃላፊውን «ሙሽራዋ የምትወጣበት ደጅ የቱ ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። ትሑት ልጅ ነው፤ «እማማ፣ ሦስት በር አለን፣ የፈለጉትን ይምረጡ፣ ሁሉም አንድ ነው» አለኝ። አመስግኜው ወጣሁና «ሙሽራዋ ከገዛ ቤታችን ደጅ ነው የምትወጣው» አልኩ። ሰሚራ «እማ፣ አብደሻል? በዚያ ጠባብ ደረጃ ነው ሙሽራ የሚወርደው?» ብላ ተጨቃጨቀችኝ፤ በመጨረሻ ግን እሺ አለች።

የሠርጉ ለት ሲንቄዋን በራችን ላይ ሰጠኋት። ከድጃ ከአሰላ መጥታ አጠገቤ ቆማ ነበርና፣ እልልታዋን ስትለቀው ፎቁ ተናጋ። በየፎቁ በር ተከፈተ፤ ስማቸውን የማላውቃቸው ሰዎች ልጅ ታቅፈው፣ ማንኪያ እንደያዙ፣ በነጠላ ጫማ ወጥተው አብረው እልል አሉ፣ የልጄን ቀሚስ ከኋላ እያነሱ ደረጃውን አወረዷት። ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንዲት ሴት ክንዴን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ ፊቷ ግን ተቆጥቷል።

«ሴትዮ፣ ልጅ እየዳርሽ ሳትነግሪኝ?» አለችኝ። «ምነው፣ እኔ ጎረቤት አይደለሁም እንዴ?»