ስልኩ በበና ቋንቋ ሲጠይቅ

ጂንካ የአእምሮ ጤና ነርስ ሆኜ ስሠራ፣ ገጠር ላሉ ሰዎች ስለ ስሜታቸው እየጠየቀ በስልክ ምክር የሚሰጥ መተግበሪያ መጣልን። ጥያቄዎቹን በድምፅ ስለሚያቀርብ ማንበብ አያስፈልግም። የሚናገረው ግን አማርኛ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ የበና ሰዎች መንደር የሆነችው የአልዱባ ልጅ ነኝ፤ አፌን የፈታሁት በበና ቋንቋ ነው።

ለአለቃዬ፣ «ጥያቄዎቹን በበና ቋንቋ በድምፄ ልቅዳቸው» አልኩት።

«ትችያለሽ?»

«እንዴታ!» አልኩ፣ ሳላስብበት።

የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ቆምኩ። «ድብርት ይሰማሻል?» ይላል። ድብርትን በበና ምን ልበለው? አልዱባ ሄጄ አክስቴን ማሽላ ስታርም አገኘኋትና ቃሉን ጠየቅኳት።

«ቃሉ ምን ያደርግልሻል?» አለችኝ ቀና ሳትል። «የከፋትን ሴት ምን መሥራት እንደተወች ጠይቂያት። ፍየሎቿን ማየት ትታለች? ፀጉሯን መሠራት ትታለች? ሰው ሲስቅ ትሸሻለች?»

እዚያው አፈሩ ላይ ተቀምጬ፣ እንዳያመልጠኝ እየተጣደፍኩ ጻፍኩ። በማግስቱ ጂንካ ተመልሼ፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ መሥሪያ ቤታችን መጋዘን ውስጥ ብርድ ልብስ ሰቅለን ድምፄን ቀዳን። ደስታዬ ድምፄን እያንቀጠቀጠብኝ ሦስት ጊዜ ደገምኩት።

አልዱባ ገበያ በዋለበት ቀን ስልኩን ይዤ ሄድኩ፤ አንድ ሰው ሚስቱን ይዞልኝ መጣ። ሴት ልጃቸው ከሞተች ወዲህ ከማንም ጋር አትነጋገርም። ስልኩን ፊቷ አስቀምጬ ከፈትኩት። «ፀጉርሽን መሠራት ትተሻል?» ሲል ቀና አለች። ስልኩን አየች፤ እኔን አየች። ከዚያ ለስልኩ መለሰችለት።

«ማን ይሠራኛል? የምትሠራኝ እሷ ነበረች።»

ባሏ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ስልኩን ዘግቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ገበያው እስኪበተን አወራን።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ በስልክ እንገናኝ ጀመር። ኔትወርክ የሚይዘው ከመንደሩ በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ስለሆነ፣ የባሏን ስልክ ይዛ ትወጣለች። መጀመሪያ ትንፋሿን ብቻ ነበር የምሰማው። ቆይታ ስለ ፍየሎቿ፣ ኋላም ስለ ልጇ ታወራኝ ጀመር።

አንድ ጠዋት ጂንካ ሥራ ላይ ሳለሁ ያለ ቀጠሯችን ደወለች። ደነገጥኩ።

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«እኔ ደህና ነኝ። ጎረቤቴ ከወለደች ወዲህ ታለቅሳለች፤ ከቤት አልወጣም ብላለች። ጥያቄዎቹን እኔ ብጠይቃት ይከለከላል?»

«ኧረ አይከለከልም!» ብዬ ጮህኩ። ተራ የሚጠብቁት ሕሙማን ሁሉ ዞረው አዩኝ።

በቀጣዩ የገበያ ቀን ሁለቱ ሴቶች ሕፃኑን እየተቀባበሉ መጡ።