የማይንሸራተት ፍሪሲዮን

የፕላስቲክ ማርሽ ስሙ ሲነሳ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ሐኪሙ የደም ግፊት አለብህና አትናደድ ብሎኛል፤ እሱ ግን መካኒክ ጓደኛ የለውም።

ዕድሜዬን ሙሉ የጭነት መኪና ነድቻለሁ። በመጨረሻ ዓይኔ ደከመና መንጃ ፈቃዴ አልታደስ አለ። ወልድያ ላይ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፊደል አንብብ ሲሉኝ፣ እንኳን ፊደሉን ግድግዳውንም በግምት ነበር የማየው። ወደ ከተማዬ መርሳ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ እንደ ጆንያ ከኋላ ተቀምጬ፣ ሾፌሩ ማርሽ በቀየረ ቁጥር ስሰድበው መጣሁ። ሰውዬው ምንም አላጠፋም። እኔ ግን ሌላ የምሰድበው አልነበረኝም።

ዱባይ የምትሠራው ልጄ ይህን በስልክ ስነግራት ሳቀች። ቆየት ብላ ለእረፍት በመጣች ጎረቤታችን እጅ በሪሞት የሚነዳ የኤሌክትሪክ መኪና ላከችልኝ። ርዝመቷ ክንዴን ያህላል፣ አራቱም ጎማዋ ይጎትታል፣ ከኋላዋም መጫኛ አላት።

«አባዬ፣ ይቺን አትንዳ የሚልህ የለም» አለችኝ።

እሷ ቀልዳ ነው። እኔ ግን ሪሞቱን እንደያዝኩ አንድ ነገር ገባኝ፤ ከእንግዲህ በዚህ ዓለም የምነዳት መኪና ይህቺ ብቻ ናት። እንደ ሾፌር ካልነዳኋት ሾፌርነቴ አበቃ። የሽማግሌ ሞኝነት ነው በሉኝ፤ ሚስቴ ከእናንተ ቀድማ ብላዋለች።

አብሯት የመጣው ባትሪ ደካማ ነበር፤ ጠጠር ባየች ቁጥር ታቃስታለች። ወልድያ ይዣት ሄጄ ሬዲዮና ስልክ ለሚጠግን ሰው ሰጠኋት። ከአሮጌ የላፕቶፕ ባትሪዎች ለቃቅሞ እጅግ ጉልበተኛ ባትሪ ሠራልኝ። ሲያስረክበኝ በጣቱ አንዲት ትንሽ ብሎን አሳየኝ።

«ጋሼ፣ ይህቺ የሞተሩን ጉልበት ለጎማው የሚያቀብለው የፍሪሲዮኑ ማጥበቂያ ናት። አሁን ጉልበቱ ስለበዛ ፍሪሲዮኑ ትንሽ ይንሸራተታል፤ ተዉት ይንሸራተት። እሱ ካልተንሸራተተ ሌላው ይሰበራል።»

ይህን ለመካኒኩ ጓደኛዬ እንዳለ ነገርኩት። እሱ የነዳኋቸውን መኪናዎች ሁሉ ሆድ ዕቃ የሚያውቅ፣ ጋራዡም መርሳ መግቢያ ላይ ያለ ሰው ነው። መኪናዋን ጠጠር ላይ ስነዳት ከሆዷ «ጥርርር» የሚል ድምፅ ወጣ። ፊቱ ጠቆረ።

«ፍሪሲዮኗ ይንሸራተታል።»

«ተዋት፣ እንዲንሸራተት ነው የተሠራው አልኩህ እኮ።»

«ማን አለ?»

«ሬዲዮ ጠጋኙ።»

«ሬዲዮ እየነዳ ነው ዳገት የወጣው?»

ሳቅን። ለእኛ ዘመን ሾፌርና መካኒክ ዳገት ላይ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን ማለት ሞት ነው። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይዞርም፣ የተጫነው እህል ወደ ኋላ ወደ ገደሉ ይጎትትሃል። ያም ሆኖ «እንዳትነካት» አልኩት። «እሺ» አለኝ። እሺ ማለቱን ልብ በሉልኝ።

ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። በማግስቱ ጉልበቱን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው የዲፈረንሻል ማርሽ ጥርሱን አረገፈ፤ ፕላስቲክ ነው። የፋብሪካውን ሰዎች እስከ ሰባት ትውልድ ረገምኳቸው። ወልድያ ቶርኖ ቤት ሄጄ በናስ አስቀረጽኩት። ናሱ ጸና፤ በፋንታው ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ እንደ ጧፍ ተጠማዘዘ። እንደገና ረገምኩ። ጓደኛዬ ከወፍራም ሚስማር ሌላ ዘንግ ሠራልኝ፤ እየሠራም «አይ የዘንድሮ ብረት!» እያለ አብሮኝ ይራገማል።

ከጋራዡ አጠገብ የሚሠራው ጎሚስታ ደግሞ አላስቀምጥ አለኝ።

«አያ ሹፌር፣ ዛሬስ ስንት ኩንታል ጫኑ?»

«አፍህን እንደ ጎማህ ልጣፍልህ?»

«ኧረ አይቆጡ! ያቺን አቀበት ጭነው ካወጧት እኔው ረዳትዎ እሆናለሁ።»

አቀበቷ ከአስፋልቱ ወደ ጋራዡ ጓሮ የምታወጣ የጠጠር መንገድ ናት። በገበያ ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ መኪናዋን ብርቱካን ጫንኳት። ባዶ መኪናማ ማንም ያወጣል። ዓይኔ ከሩቅ ስለማያይ ቀይ ጨርቅ አሰርኩባት፤ ያም ሆኖ መጀመሪያ አንዲት ቀይ ነጠላ የለበሰች ሴትዮ ልነዳ ሞክሬ ነበር።

ወጣች። እስከ ግማሽ ድረስ እየጎተተች ወጣች። ከዚያ «ቀጭ!» አለና የኋላው ግራ ጎማ ዘንግ ተሰበረ። መኪናዋ ተንጋደደች፣ ብርቱካኑም እየተንከባለለ ወደ አስፋልቱ ወረደ። ሰዉ አውካካ። ጎሚስታው አንዱን አንስቶ እየላጠ፣ «ረዳት መብላት አለበት» አለ።

ባዶ መኪናዬን አንስቼ ገለበጥኳት። ማርሹን ስንለውጥ ዘንጉ፣ ዘንጉን ስንለውጥ ሌላው ዘንግ። ጉልበቱ መውጫ እየፈለገ ነው ማለት ነው። ወደ ጓደኛዬ ዞርኩ።

«ያቺን ብሎን ነክተሃታል?»

ጎንበስ ብሎ ብርቱካን ይለቅም ጀመር።

«አንተን እኮ ነው!»

«አጥብቄያታለሁ።»

«ምን ያህል?»

«እስከ መጨረሻው።»

ያን ሁሉ ጊዜ፣ ፋብሪካውን ስረግም፣ ወልድያ ስመላለስ፣ እሱ አጠገቤ ቆሞ ብረቱን ያማል! በሰው ፊት፣ በገበያ መሐል፣ የማላስታውሰውን ስድብ ሰደብኩት። እሱም አልማረኝም።

«ዳገት ላይ ስትንሸራተት እያየሁ ዝም ልበል?»

«የማን መኪና ናት?»

«ሹፌሩስ የማን ነው? በኔ እጅ ያልተጠገነ መኪና ነድተህ ታውቃለህ?»

ይበልጥ ያበገነኝ እኔም በሱ ቦታ ብሆን ያንኑ ማድረጌ የማይቀር መሆኑ ነበር። ለዚህም ጭምር ተናደድኩበት።

«ፍታት» አልኩት። «አሁን። እዚሁ።»

በሰንጢ ጫፍ ብሎኗን አላላት። አንዱ ዘንግ ከተሰበረ ዲፈረንሻሉ ለሌላውም ጉልበት ስለማይሰጥ የኋላ ጎማዎቿ ሁለቱም ሞተዋል፤ የሚጎትቱት የፊቶቹ ብቻ ናቸው። ዳገት ላይ ደግሞ ክብደቱ የሚያርፈው ወደ ቁልቁለቱ ባለው ጎማ ነው። ስለዚህ አዞርኳት፤ ቂጧን ወደ ዳገቱ፣ አፍንጫዋን ወደ እኛ። የተረፈውን ብርቱካን መልሼ ጫንኩና በኋላ ማርሽ ለቀቅኳት።

«ጥርርርር» አለች። ተንሸራተተች፣ ያዘች፣ ተንሸራተተች፣ ያዘች፣ ወጣች።

ጓደኛዬ ያንን ድምፅ ሊችለው አልቻለም። ጎንበስ ብሎ ጠጠር አነሳና፣ ድሮ ረዳት ለተጫነ መኪና የጎማ መደገፊያ ታኮ ይዞ እንደሚሄደው፣ ወገቡን አጥፎ ከጎማዋ አጠገብ አጠገብ ወጣ። ወደ ታች ብታመልጥ ሊደግፋት ነው፤ ያቺን ክንድ የምታህል ነገር! ሰዉ ሲስቅ አልሰማም። ጫፍ ስትደርስ ጠጠሩን ሊሸጉጥባት እጁን ዘረጋ።

«እጅህን አንሳ!» ብዬ ጮኽኩበት። «ሾፌሩ ገና አላቆመም!»