ከራዲያተሩ ፊት የገባው ጥቅል

አከራዬ ቺሮ ላይ ሴት ልጃቸውን የሚድሩበት ቀን ነበር። ኒካው ለስምንት ሰዓት ተቀጥሯል፤ ያለ አባት ደግሞ አይታሰርም። ከገለምሶ በመኪናዬ ላደርሳቸው ቃል የገባሁት እኔ፣ ተከራያቸው አስተማሪው ነኝ።

ለአማቾቻቸው የሚወስዱት ጫት በእርጥብ ቅጠል ተጠቅልሏል። «መንገድ ላይ ይጠወልጋል» ብለው ሲጨነቁ ማስረዳት ጀመርኩ። ከመኪናው ፊት ባለው ፍርግርግና በራዲያተሩ መካከል ክፍተት አለ፤ ስንሄድ ነፋስ ይገባበታል፤ ከዚያ የተሻለ ቀዝቃዛ ቦታ የለም። ጥቅሉን ራሴ ከላይ ወደ ታች ጠቅጥቄ አስገባሁት።

በዴሳ ከተማ ልንደርስ ስንል ዳገቱ ላይ የሙቀት መለኪያው መርፌ ቀዩ ውስጥ ገባ። እየቆምን፣ እያሳረፍን ከተማው ውስጥ አንድ ጋራዥ ደረስን።

«እስኪ መጀመሪያ ከፊት በኩል ልየው» አለ መካኒኩ።

«ጊዜ አናጥፋ» አልኩት በአስተማሪ ድምፄ። «የራዲያተሩን ውስጥ ዝቃጭ ዘግቶታል። ይውጣ።»

«አቦ ቲቸር፣ አንተ ካወቅክማ» ብሎ ቁልፎቹን አነሳ።

«ስንት ሰዓት ነው?» አሉ አከራዬ።

«አምስት ተኩል፣ አባባ» አልኩ።

የጋለ ራዲያተር አይከፈትም፤ ውሃው ፊት ላይ ይፈነዳል። እስኪበርድ ጠበቅን። ከዚያ መካኒኩ ከሥር ያለችውን መክፈቻ አላልቶ ውሃውን ባልዲ ውስጥ አፈሰሰ፣ የላይና የታች ቱቦዎቹን ነቀለ፣ ብሎኖቹን ፈታ። የአከራዬ ስልክ ደጋግሞ ይጠራል። በኦሮምኛም በአማርኛም መልሳቸው አንድ ነው፤ «እየመጣን ነው።»

ራዲያተሩ ሲወጣ ጥቅሉ ከነበረበት ዘጭ ብሎ ወደቀ። ማሰሪያው ተፈትቶ፣ ቅጠሉ ተቀቅሎ የራዲያተሩን ፊት እንደ ምንጣፍ ሸፍኖታል። ያ ነፋስ ይገባበታል ያልኩት ክፍተት የራዲያተሩ መተንፈሻ ነበር፤ ዘግቼው ነው የመጣሁት።

መካኒኩ ቅጠሉን ጠርጎ ከላይ ባለው አፉ ውሃ ለቀቀበት። ከታች ንጹህ ውሃ ወረደ።

«ዝቃጩ የታለ፣ ቲቸር?»

«አባባ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ።

አላዩኝም። «ግጠሙት» አሉ ብቻ፣ የተቀቀለውን ጫት ሰብስበው እየጠቀለሉ።

ቱቦውን ላስር ስሞክር መካኒኩ ማሰሪያውን ተቀበለኝ። ውሃውን ቀስ አድርገን ሞልተን፣ ሞተሩን አስነስተን፣ አረፋው እስኪያበቃ ክዳኑን ሳንዘጋ ጠበቅን። ውስጡ አየር ከቀረ እንደገና ይግላል፤ እዚያ ላይ መቸኮል አይቻልም። አንድ አረፋ ይወጣል፤ ዝም ይላል፤ አለቀ ስንል ሌላ ይመጣል። አከራዬ ሰዓት መጠየቅ ትተዋል። ያ ይበልጥ አስፈራኝ።

መርፌው እስከ ቺሮ ከመሃል አልወጣም። ስንደርስ ስምንት ተኩል አልፏል። ኒካውን የሚያስሩት ሸህ ለመሄድ ተነስተው ነበር፤ ሲያዩን ተመልሰው ተቀመጡ። የሙሽራው አጎት በር ላይ ተቀበሉን።

«ምን አገኛችሁ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን። መኪናው ሞቀ» አሉ አከራዬ። ከዚያ የተቀቀለውን ጥቅል እጄ ላይ አስቀመጡት። «ይሄን ግን ቲቸር ያስረዳችኋል።»

ገቡ፤ ኒካው ታሰረ። እኔ በር ላይ ቀርቼ ለሙሽራው አጎት ከፍርግርጉ ጀምሬ ማስረዳት ያዝኩ።