እንቅልፍ የወሰደኝ ጫካ

ወደ ደሴቲቱ እንሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። ሦስተኛው የኮሮና ማዕበል ጋብ ብሎ፣ የምሠራበት የጆሃንስበርግ ሆስፒታል ለእኛ ለሐኪሞቹ ተራ በተራ ዕረፍት መስጠት ጀምሮ ነበር። ያለ እህቴ የትም አልሄድም አልኩ። እህቴ ታላቄ ናት። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ባሏ በኮሮና ሞቶባት፣ ጀፕስታውን ያለውን የብርድ ልብስ ሱቃቸውን ብቻዋን ይዛ ቀርታለች። ሲሞት አጠገቡ አልነበረችም፤ ያኔ ጠያቂ አይገባም። ለቀብሩም ከጥቂት ሰው በላይ አልተፈቀደም። ለቅሶ የሚቀመጥ ቀርቶ የሚያቅፋት ሰው እንኳ አልነበረም። ሳምንት ሳይሞላ ሱቋን ከፈተች። ስታለቅስ አላየኋትም።

“ደሴት? እኔ ደሴት ሄጄ ምን እሠራለሁ?” አለችኝ።

“በእግርሽ ትሄጃለሽ፣ ጫካ ታያለሽ፣ ባሕር ታያለሽ።”

“በእግር መሄዱማ እዚሁ መቼ አነሰኝ!”

ቢሆንም መጣች። እሷን ላሳርፋት ነበር ሐሳቤ።

ፔምባ ከዛንዚባር በስተሰሜን ያለች፣ ኮረብታዋ የበዛ ደሴት ናት። ስንደርስ የቅርንፉድ መልቀሚያ ወቅት ነበር። በየመንገዱ ዳር ቅርንፉድ ምንጣፍ ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። እህቴ መኪናው ውስጥ ማስኳን ወደ አገጯ ዝቅ አድርጋ በረጅሙ ተነፈሰች። “ሸተተሽ?” አለችኝ። ሸተተኝ አልኳት እንጂ ለእኔ የመጣልኝ ከሩቅ፣ ከግድግዳ ጀርባ እንደሚመጣ ዓይነት ነገር ነበር። ኮሮና ይዞኝ ከዳንኩ ወዲህ ሽታ በደንብ አይለይልኝም።

በማግስቱ ጠዋት ጫካ ገባን። የሚመራን ሸምገል ያለ፣ የፕላስቲክ ቦቲ የተጫማ ሰው ነበር፤ እንግሊዝኛው ቀስ ያለና የተመረጠ። ጫካው በጠዋቱ ይሞቃል። ልብሴ ወዲያው ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ። ሐረጉ ከዛፍ ዛፍ ተወጥሯል፣ መሬቱ በረገፈ ቅጠል ስር ይሰምጣል። እህቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ሱቅ በምትውልበት ስኒከር ከሽማግሌው እኩል ትራመዳለች። እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ። አንዲት ፌንጣ ከቅጠል ስር ሳታቋርጥ ስትጮህ፣ የየትኛው በሽተኛ ማሽን ነው የሚጮኸው ብዬ ቆሜ ዞር ዞር አልኩ። ጫካ ውስጥ መሆኔ ትዝ ሲለኝ ደግሞ ማልቀስ አማረኝ፤ ለማልቀስ ግን ጉልበት አጣሁ።

ሽማግሌው ቆሞ ወደ ላይ አሳየን። የደሴቲቱ ትልልቅ የሌሊት ወፎች እንደተጠቀለለ ጃንጥላ ከቅርንጫፉ ተንጠልጥለዋል፤ ደረታቸው እንደ ቀበሮ ቀይ ነው።

“ይሄ ሁሉ ጣጣ ከነዚህ ነው የመጣው ይሉ የለ?” አለች እህቴ።

“ይባላል። በእርግጠኝነት የሚያውቅ ግን የለም።”

“አንቺ ካላወቅሽ ማን ሊያውቅ ነው እንግዲህ” ብላ መንገዷን ቀጠለች።

ትንሽ እንደሄድን እግሬ እምቢ አለኝ። አንድ ግዙፍ ዛፍ ሥሩ ከመሬት ወጥቶ እንደ መደብ ተዘርግቷል። “ትንሽ ልረፍ” አልኳቸውና ጀርባዬን አስደግፌ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።

የቀሰቀሰኝ የእህቴ ድምፅ ነው። በዚያ በሱቅ እንግሊዝኛዋ፣ በየመካከሉ ዙሉ እየጨመረች፣ ሽማግሌውን ታወራዋለች። ግማሹን እንደማይሰማት አውቃለሁ። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣታል።

“ስልኩን ነርሷ ያዘችለት” ትላለች። “ትንፋሽ የለውም። ‘በልተሻል?’ አለኝ። እሱ እዚያ ሆኖ፣ በልተሻል ወይ ይለኛል! በልቻለሁ አልኩት። አልበላሁም ነበር። ከዚያ ሌላ ቃል አልተናገረም።”

ከዚያ አለቀሰች፤ እየጮኸች፣ ደረቷን እየመታች፣ ያኔ ለቅሶ ቤት ልታለቅስ ይገባት የነበረውን ሁሉ። ዓይኔን ብገልጥ የምታቆም መሰለኝና ጨፍኜ ቀረሁ። ጉንዳን አንገቴ ላይ ሲወጣ እንኳ አልተነቃነቅኩም። ሽማግሌው “ፖሌ፣ እናቴ፣ ፖሌ” ይላታል። የእነሱ “አይዞሽ” ነው።

ዝም ስትል ጊዜ ቀና አልኩ።

“ነቅተሽ ነበር አይደል?” አለችኝ በአማርኛ።

“አዎ።”

“ሰማሽ እንግዲህ።”

“እትዬ፣ ለምን ለእኔ ሳትነግሪኝ ቀረሽ?”

ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። “አንቺ ስንቱን ስትቀብሪ ውለሽ ነው የምትገቢው። በዚያ ላይ የእኔን ልጨምርብሽ? ይሄ ሰውዬ እንደሆነ ነገ አያገኘኝም።”

እጇን ዘረጋችልኝ፣ ይዤ ተነሳሁ። የቀረውን መንገድ እጄን ሳትለቅ ሄድን። ጫካው ሲያልቅ ነጭ አሸዋና ባሕር አገኘን፤ ሰው የሚባል አልነበረበትም። ጫማችንን አውልቀን ውኃው ዳር ተቀመጥን። ለመዋኘት ሁለታችንም አቅም አልነበረንም። ሽማግሌው ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ኮኮናት ሰብሮ ሰጠን። እህቴ ጠጥታ የተረፋትን ለእኔ አቀበለችኝ።

የቀሩትን ቀናት በብዛት ተኝተን አሳለፍናቸው። ባረፍንበት ሆቴል የነበሩት ሌሎች እንግዶች ወደ ሌላ ኮረብታ ሲወጡ እኛ በረንዳ ላይ ቀረን፤ ደሴቲቱን አይተናታል ለማለትም ያሳፍራል።

ከተመለስን ብዙም ሳይቆይ አዲስ የኮሮና ዝርያ እዚሁ ተገኘ ተባለ፣ ሌሎች አገሮች በረራ ዘጉብን፣ እኔም ወደ ኮሮና ክፍሉ ሥራ ተመለስኩ። ድካሙ አልለቀቀኝም። እህቴ ግን እሑድ ከቸርች ስትወጣ ቀጥታ እኔ ቤት መምጣት ጀመረች። ስለ ባሏ ታወራኛለች፤ ወጥ ሳይቀምስ ጨው እንደሚነሰንስ፣ መኪና ሲያቆም ሁልጊዜ እንደሚሳሳት። አንዳንድ ቀን ስለ እሱ ማውራቱ ይበቃታል። “አሁን ደግሞ አንቺ ንገሪኝ” ትለኛለች። በሥራ ካየሁት አንዱን መርጬ እነግራታለሁ።